ወረራው ሲጀመር

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት በባሕር ዳር የተደረገ ንግግር)



የኅብረቱ ጸሓፊ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ጨዋታ አንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ሳላመነታ እሺ አልሁ። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ግን አንድ የማከብራቸው መምህር በመንገድ አግኝተውኝ፣ «አገሩ ይህን ያህል ችግር ተሸክሞ እናንተ ስለ ጨዋታ ትናገራላችሁን?» አሉኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ስቄ ላልፈው አልፈለግሁም። በዚያች ሰዓት ግን የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ያለኝን ይዤ መጥቻለሁ።

ነገሬን ከሩቅ አገር እጀምራለሁ።

ጎ የሚባለው ጨዋታ በቻይና ተወልዶ በኮሪያና በጃፓን ያደገ ነው። ሰሌዳው 19 አግድምና 19 ቁልቁል መስመሮች አሉት። መስመሮቹ በሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች ላይ ሁለት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተራ በተራ ያስቀምጣሉ። የሚጀምረው ጥቁር ነው። አንዴ የተቀመጠ ጠጠር ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ዙሪያውን ተከቦ መተንፈሻ ሲያጣ ግን ይነሣል። በመጨረሻ ብዙ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። ሕጉ ከዚህ ብዙ አይበልጥም፤ በአንድ ገጽ ተጽፎ ያልቃል።

ጭንቁ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። ሰሌዳው ባዶ ነው፤ የመጀመሪያውን ጠጠር የት እናስቀምጥ? ጣና በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ያየ የፎገራ ወይም የደንቢያ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባሕር ሸሽ መሬት ሊያጥር የመጣ ገበሬ ከሜዳው መካከል አይጀምርም፤ በአንድ ወገን ውኃው፣ በሌላ ወገን የቆየ አጥር ካለበት ማዕዘን ይጀምራል። ሁለቱ ወገን ታጥሮ ቆይቶታልና ድካሙ በግማሽ ይቀልለታል። የጎ ሊቃውንትም እንዲሁ በመጀመሪያ ማዕዘኑን፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ በመጨረሻ መካከሉን ይይዛሉ። በማዕዘን ላይ የሚደረገውን የመጀመሪያ ግጥሚያ ብዙ ትውልድ መርምሮ የእርምጃውን ተርታ አስተካክሎ አስቀምጦታል። ጃፓኖች ጆሴኪ ይሉታል፤ ልክ የእኛ የቅኔ ተማሪ መንገዱን እንደሚያጠና የጎ ተማሪም ይህንኑ በቃሉ ያጠናል።

ከጥንት መምህራን ትእዛዝ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ ኋላ ይጠቅመናልና። ባላጋራህ በማዕዘኑ በአራተኛው መስመር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ከሥሩ ገብተህ በሦስተኛው መስመር ላይ ማዕዘኑን አትቀማው ይሉ ነበር። የምታገኘው ትንሽ መሬት ነው፤ እሱ ግን በውጭ በኩል ግንብ ይሠራብሃል፤ ግንቡም ወደ ባዶው ሜዳ ያያል። ይህን ያደረገ ተማሪ ስግብግብ ተብሎ ይገሠጽ ነበር።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንለፍ። በቼዝ ኮምፒዩተር ሰውን ያሸነፈው በአብዛኛው በስሌት ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን የረታው ዲፕ ብሉ በአንድ ሴኮንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቋም ይመረምር ነበር። ይህ ዘዴ ለጎ አልበቃም። በጎ ሰሌዳ ላይ ሊኖሩ የሚችሉት ሕጋዊ አቋሞች ብዛት እ.ኤ.አ. በ2016 በትክክል ተቆጥሮ ሲወጣ 171 አሃዝ ያለው ቁጥር ሆነ። ስለዚህ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ሠሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ፕሮግራሙን ሁለት ዓይን ሰጡት። አንደኛው ዓይን በዚህ አቋም ላይ ሊታሰብባቸው የሚገባ ጥቂት እርምጃዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ይጠቁማል። ሁለተኛው፣ እንዲህ ቢሆን ማን የሚያሸንፍ ይመስላል ብሎ ይገምታል። ፍለጋው በሁለቱ ይመራል እንጂ ሁሉን ለመቁጠር አይሞክርም።

አልፋጎ በመጀመሪያ የተማረው ሰዎች ከተጫወቱት ጨዋታ ነው። ቀጥሎ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሴኡል የኮሪያውን ታላቅ ተጫዋች ሊ ሴዶልን ከአምስት ጨዋታ አራቱን አሸነፈው። በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛው እርምጃ ላይ ፕሮግራሙ ጠጠሩን በአምስተኛው መስመር ላይ አስቀመጠ፤ በዚያ ጊዜ እዚያ ቦታ የሚያስቀምጥ የተማረ ሰው አልነበረም። የፕሮግራሙ የራሱ ግምት እንኳ አንድ ሰው ይህን እርምጃ የመምረጡ ዕድል ከ10,000 አንድ ነው የሚል ነበር። በአራተኛው ጨዋታ ደግሞ ሊ ሴዶል በ78ኛው እርምጃ ያልታሰበ በር ከፍቶ አሸነፈ። ይህችን አንዲት ድል ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል።

ለእኛ ነገር ዋናው ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አልፋጎ ዜሮ የተባለው ተከታዩ ፕሮግራም ወጣ። ይህኛው ከሰው ጨዋታ አንድም አልታየውም። የተሰጠው ሕጉ ብቻ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከራሱ ጋር 4.9 ሚሊዮን ጨዋታ ተጫወተ፤ ከዚያም ሊ ሴዶልን ካሸነፈው ፕሮግራም ጋር ገጥሞ 100 ለ 0 ረታው። በመንገዱም የጃፓንና የቻይና ሊቃውንት በብዙ ዘመን የደረሱባቸውን የማዕዘን እርምጃዎች በራሱ አገኛቸው፤ አንዳንዱን ወደደው፣ አንዳንዱን ናቀው። ያ ስግብግብነት ነው ሲባል የኖረውን ማዕዘን ቅሚያ እነዚህ ፕሮግራሞች ገና በመጀመሪያ ማድረግ ጀመሩ፤ ዛሬ ሊቃውንቱም ያደርጉታል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብሁ፤ እናንተም እንድታስቡበት እለምናለሁ። ከሰው የተወሰደው ሕጉ ብቻ ነው። ጥበቡ ቢረሳ እንኳ ሕጉ በእጅ ካለ ጥበቡን መልሶ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ሕጉ ራሱ ቢጠፋ ግን የትኛው ኮምፒዩተር ከየት ያመጣዋል?

የእኛን ሰንጠረዥ ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰንጠረዥ ስል አንዳንዶቻችሁ የፈረንጁን ቼዝ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ቁጥር የምንሞላበትን መደብ እንዳሰባችሁ አውቃለሁ። ስሙ ወደ ወረቀት ተሰዶ ጨዋታው መቅረቱ ያሳዝናል። አባቶቻችን የተጫወቱት ሰንጠረዥ ከቼዝ ጋር የአንድ አያት ልጅ ነው። 64 ቤት አለው፤ ቤቶቹ ግን ጥቁርና ነጭ እየተባሉ አልተለዩም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ይሠመራሉ። በእያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ አሉ። ፈርዝ እንደ ፈረንጅ ንግሥት ሜዳውን አይጋልብም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅ አንድ አንድ ቤት ይራመዳል።

ጨዋታው በአገራችን የቆየ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት ነበር። በጎንደርና በዙሪያዋ ብዙ ዘመን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ አጨዋወቱን ገልጾታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሥርዓቱን ጽፈዋል።

ይህን ጨዋታ ከዓለም ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው፤ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ እየተራመዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ የሚቆመው ከሁለት አንዱ የባላጋራውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲማርክ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በተራ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ፕሮግራም እንጻፍ ብለን ተነሣን። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ባለሙያ ለማሠልጠን ነው፤ እኛም ሙያችንን በገዛ ጨዋታችን እንሞክረው አልን። ጎን የሚያህል ባሕር የተሻገረ ዘዴ ይህን 64 ቤት እንደ ወንዝ ይዘለዋል የሚል እምነት ነበረን።

የመጀመሪያው ሙከራችን ወረራውን ትቶ ከተራው ጨዋታ የሚጀምር ነበር። በደንብ ሠራ። ደስታችን ግን አንድ ሳምንት አልቆየም። ከጓደኞቼ አንዱ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «ይህ እኮ የእኛ አይደለም፤ ይህ የፋርሶችና የዐረቦች ሻትራንጅ ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ የጠጠሮቹ አካሄድ የጋራ ነው። ወረራውን አውጥተን ስንጥል የራሳችን የሆነውን ጥለን ኖሯል።

በሁለተኛው ሙከራ ወረራውን አገባነው። ውጤቱ የሚያስቅ ነበር። ሰው አንድ መደቅ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ኮምፒዩተሩ አርባ እርምጃ ተራምዶ ሠራዊቱን ጨርሶ አሰልፏል። ተራ በሌለበት ፈጣን ሁሉን ይወስዳልና። ስለዚህ በሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ከሰው እጅ እኩል እንዲራመድ ልጓም አገባንበት። ከዚያም እንደ አልፋጎ ዜሮ ከራሱ ጋር እንዲጫወት ለቀቅነው። ማታ ለቅቀነው ጧት ስንመለስ አንድም ጨዋታ አላለቀም። ሁለቱም ወገን ይሰለፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሰለፋል፤ የመጀመሪያውን ምርኮ ለማድረግ የሚደፍር የለም። መጀመሪያ የማረከው ወዲያው የአጸፋውን ምት ይቀበላልና ሁለቱም መጠበቅን መረጡ። ወረራው የግድ ማለቅ እንዳለበት የሚናገር ሕግ እኛ አልጻፍንለትም። በያዝናቸው ጽሑፎችም አላገኘነውም።

የጓደኛዬ እናት አጎት ከዐባይ ድልድይ ማዶ ይኖራሉ። በልጅነታቸው በጎንደር በአንድ ባላባት ቤት አሳላፊ ሆነው አድገዋል፤ ጠጅ እየቀዱ ሰንጠረዥ ያዩ ነበር፤ ኋላም ተጫውተዋል። ዛሬ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ይጠጋል። ደብተራችንን ይዘን ሄድን፤ 17 ጥያቄ ጽፈን ነበር።

«አባባ፣ በወረራ ጊዜ አንዱ መማረክ እንቢ ቢል ምን ይደረጋል?»

«እንጃ ልጄ። ረስቸዋለሁ።»

«የተራመዱትን መልሶ በቦታው ማስቀመጥስ ይፈቀዳል?»

«እንጃ። ያ አብሮኝ የሚጫወተው ሰው ከሞተ ወዲህ ጨርቁን አልዘረጋሁትም።»

አምስት ጥያቄ ጠየቅን፤ አምስቱንም እንጃ አሉ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደረሰ። አፍረን ልንነሣ ስንል ልጃቸው ጨርቁን ከሣጥን አውጥታ ዘረጋችው፤ ከደርዎቹ አንዱ ጠፍቶ በቦታው የጠርሙስ ክዳን ተተክቷል። እኔም ነገሩን ለማሳጠር መደቆቹን ዝም ብዬ ማራመድ ጀመርሁ። ይኸን ጊዜ ሽማግሌው እጄን ያዙ። «እንዲህ አይባልም!» አሉኝና ፊሌን አንሥተው ወዳልጠበቅሁት ቤት ወሰዱት። ቀጥለው በራሳቸው ወገን እጃቸው ሳይቆም ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ተራመደ። ዓይናቸው የእኔን አሰላለፍ ያያል፤ አንዱን ፈረሳቸውን ወደ ኋላ መልሰው በሌላ በኩል አወጡት።

ሲጠየቁ አያውቁትም፤ ስሳሳት ግን ያውቁታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄ መጠየቅ ተውን። እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ አንድ ስሕተት ለወጥነው፤ ሆን ብለን እየተሳሳትን ስንታረም መልሱን እንጽፋለን። ጎን የተማረው ፕሮግራምም እንዲሁ በመሳሳት ተማረ ብዬ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሣቁብኝ፤ ልዩነቱ እሱ 4.9 ሚሊዮን ጊዜ መሳሳት መቻሉና እኛ ሽማግሌው እስኪደክሙ ድረስ ብቻ መቻላችን ነው።

ያን የማያልቅ ወረራም በዚህ መንገድ አገኘነው። እኔ ሆን ብዬ መማረክን ትቼ ጠጠር ወዲያና ወዲህ ሳመላልስ ሽማግሌው አልተናገሩም፤ ዘወር ብለው ልጃቸውንና የጎረቤት ልጆችን አዩ። «ምን ዝም ትላላችሁ? አትጮኹበትም?» አሏቸው። ለካ በዚያ ቤት ተመልካቹ ዝም አይልም ነበር። የሚያንገራግረውን ይሰድበዋል፣ ያጣድፈዋል፣ ፈሪ ይለዋል። ወረራውን የሚያስቆመው ሕግ በጨርቁ ላይ አልነበረም፤ በዙሪያው በተቀመጡት ሰዎች አፍ ነበር። ይህን በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንደምንጽፈው ገና እየተከራከርን ነው። እስካሁን ያደረግነው የዘገየውን ወገን በየእርምጃው ጥቂት ነጥብ መቅጣት ነው፤ ደካማ መፍትሔ መሆኑን አውቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ለፕሮግራማችን አሸናፊ አንድ፣ ተሸናፊ ዜሮ ብለን ነግረነው ነበር። አልፋጎም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የቻይናውን ኬ ጂዬን በመጀመሪያው ጨዋታ ያሸነፈው በግማሽ ነጥብ ብቻ ነው፤ ለእሱ በግማሽም በሃምሳም ማሸነፍ አንድ ነው። የእኛው ፕሮግራም በሁለት ደሮች ንጉሡን እያባረረ መግደል ተማረ። ኮምፒዩተሩን ይዘን ሄደን ለሽማግሌው በኩራት አሳየናቸው። ጥቂት አይተው ፊታቸውን መለሱ። በደርና በፈረስ መግደል የጨዋ ድል አይደለም፤ በፊል ወይም በፈርዝ ቢሆን ይሻላል፤ በመደቅ የገደለ ግን ይሞገሳል። ባላጋራን ገፎ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሳደድማ ድል ተብሎ አይቆጠርም። ስለ ድሉ ማዕረግ የተጻፈውም ከዚህ ጋር ይስማማል። እንግዲህ ድል ስንት ዓይነት እንደ ሆነና እያንዳንዱ ስንት እንደሚመዘን ሰው ካልነገረው በስተቀር ፕሮግራሙ በሚሊዮን ጨዋታም አይደርስበትም።

መምህሬ ላነሡት ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው። እኛ በትምህርታችን ሥርዓት ስንቀርጽ፣ የመሬትም ይሁን የውኃ ወይም የዳኝነት፣ የተጻፈውን ሕግ አንሥተን ወደ ኮምፒዩተር እናስገባና ሥራው አለቀ እንላለን። በዚያ ጨርቅ ዙሪያ የሚጮኸውን ሰው አንቆጥረውም። እኔ ይህን ስሕተት በጨዋታ ላይ ስላየሁት ደስ ይለኛል፤ በጨዋታ ላይ ሲሆን ማንም ርስቱን አያጣበትም።

አንድ ወዳጄ ደግሞ በሌላ ወገን ይቃወመኛል። ኮምፒዩተር የገባበት ጨዋታ ይሞታል ይላል፤ ሊ ሴዶል እ.ኤ.አ. በ2019 ከውድድር ሲሰናበት የማይሸነፍ ነገር መኖሩን ምክንያት አድርጎ መናገሩን ይጠቅሳል። እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ አሜሪካዊ አማተር፣ ሌላ ኮምፒዩተር ያገኘለትን ደካማ ጎን አጥንቶ፣ ካታጎ የተባለውን ኀይለኛ የጎ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ 14 ጊዜ አሸንፎታል። ይህም ይቆየን። የእኛ ሰንጠረዥ ኮምፒዩተር ሳይነካው ነው የተኛው። ወዳጄ ራሱ ፈርዝ እንዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ጠይቄዋለሁ።

ስለ ገበጣ እንዳልናገር ሰዓቱ አይፈቅድም፤ አንድ ነገር ብቻ። የገበጣ ዘመድ የሆነውን የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም ሁለት ተመራማሪዎች 889 ቢሊዮን የሚያህል አቋሙን ሁሉ አስልተው ፈትተውታል፤ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ቢጫወት እኩል ይወጣሉ። የእኛ ገበጣ ግን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲያልፉ አጨዋወቱ ይለወጣል፤ የትኛውን እንፍታ? እዚሁ ሐይቁ ዳር ያደጋችሁ፣ በልጅነታችሁ አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የተጫወታችሁትን ሳይረሳችሁ ጻፉት።

ስለ ወረራ በደብተራችን እስካሁን 11 ገጽ ሞልተናል። ጉድለቱ ግን ብዙ ነው። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ቢማርክ ተራው የማን ነው? የተራመደን መመለስ የእኛ ሽማግሌ ሲፈቅዱት ጓደኛዬ በጎርጎራ ያገኛቸው ሌላ ሽማግሌ ግን «እጅ ከለቀቀ ለቀቀ» ብለው ከልክለዋል፤ የአገር ልዩነት ነው ወይስ የሰው? በእረፍት ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የምትሄዱ ጓደኞች፣ ሰንጠረዥ የተጫወተ ሽማግሌ ካገኛችሁ ጥያቄ አትጠይቁ። ጠጠር ይዛችሁ ሂዱና ፊታቸው ተሳሳቱ፤ የታረማችሁትን ከነቦታውና ከነቀኑ ጻፉልን።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ጨርቁ ይዘረጋል። ሽማግሌው እንመጣለን ብለዋል፤ መኪና ለምነንላቸዋል። ኮምፒዩተሩም ይቀርባል። እንዲጮኹ የሚያስፈልጉ ሰዎች ግን ጎድለውናል፤ በጊዜ ኑ።